እድራችን ለታማሚውም ይድረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በመጪው ወር እድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ የመተዳደሪያ ደንቡም ይሻሻላል። እኔ ጎንደር ውስጥ ሳሙና በር አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መዋጮ መመዝገብ፣ ከቀብር በቀረው አባል ላይ ቅጣት መጻፍ የእኔ ሥራ ሆኗል። ለማሻሻያው ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ እድሩ የሞተውን ከመቅበር አልፎ፣ የማይድን ሕመም ይዞት አልጋ ላይ ለዋለ አባልና ለአስታማሚው ይድረስ። በኮሚቴው ውስጥ እጅግ የማከብራቸው አንድ አዛውንት ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እድር የሞት ነው፤ በሽታ ሐኪም ቤት አለው» አሉና ውይይቱ በዚያው ተዘጋ። ለሽማግሌ በስብሰባ መሐል መልስ መመለስ ደግ ስላልሆነ ያን ዕለት ዝም አልኩ። ነገሩ የአንድ ሰፈር ጉዳይ አለመሆኑን ሳስብ ግን መልሱን በጋዜጣችሁ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ሐኪም ቤት የሚድነውን ያድናል። የማይድነውንስ? የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ ሁሉ እትዬ የምንላቸው፣ የጡት ካንሰር ታመው ነበር። ሲታወቅ ወደ አጥንታቸው ተዛምቷል። የሄድንበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሐኪሙ ነውም አልልም፤ ከበሩ ውጭ ኮሪደሩን የሞላ ወረፋ ይጠብቀው ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ለልጃቸው ሰጣትና፣ «ከዚህ በኋላ እዚህ የምናደርግላቸው የለም፤ ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧቸው» አላት። እንዴት አድርገን እንደምንከባከባቸው የነገረን የለም። ወረቀቱ ላይ የነበረው ዲክሎፌናክና ትራማዶል የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው።

ትራማዶሉ ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ያዝ አደረገው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው «በሽታ ሐኪም ቤት አለው» አይልም። እትዬ ቀን ቀን ለጠያቂ ፈገግ ይላሉ፤ ሌሊት ግን የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ስለሚተኛ ድምፃቸው እንዳይሰማ የነጠላቸውን ጥለት በጥርሳቸው ነክሰው ያድራሉ። ልጃቸው ጠዋት ነጠላውን ስታጥበው ጥለቱ ተበጣጥሶ ታገኘዋለች። እርሷም የጸጉር ቤቷን ዘግታ እናቷን ማስታመም ከጀመረች ቆይታለች፤ የሱቁ ኪራይ ግን አልቆመም። ቁስሉ ፈንድቶ ስለነበር ቤቱ ይሸታል። ይህን የምጽፈው አንባቢን ላስከፋ ብዬ አይደለም። ብዙ ቤት ውስጥ በር ተዘግቶበት የሚኖረው ይኸው ሽታ ስለሆነ ነው። ጠያቂ የሚቀንሰው፣ ታማሚዋም ሰው እንዳይገባ የምትለምነው በዚሁ ነው።

መላውን ያመጣችው ከእኛ ዝቅ ብሎ ካለው ግቢ የምትኖር ጡረተኛ ነርስ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እትዬ፣ ምንም ካልሆነ ዜሮ፣ ሊቋቋሙት የማይችሉት ከሆነ 10 ይበሉና፣ ሕመምዎ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እትዬ አሟቸውም ቀልድ አያልቅባቸውም፦ «አንቺ ልጅ፣ ሕመም በቁና ይሰፈራል እንዴ?» አሏት። ቀጥለው ግን ጣታቸውን ሁሉ ዘረጉ። ነርሷ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ርካሽ ክኒን በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ፣ ቁስሉን በጨውና ውኃ አጥባ፣ ዱቄቱን ነሰነሰችበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታው ጋብ አለ። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ነገር ነው፤ ማንም ስላልነገረን ብቻ ቤተሰቡ ለወራት መስኮት ከፍቶ ዕጣን ሲያጤስ ከርሟል። ጎን እየቀያየሩ ማስተኛትን፣ የደረቀ አፍን በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብን፣ መብላት ያልቻለን ሰው በግድ አለማጉረስንም ያስተማረችን እርሷ ናት። የመጨረሻው ለዘመዶቻችን እጅግ ከባድ ትምህርት ነበር። የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በጉርሻ ነውና፣ አልጎርስም ያለ በሽተኛ እንደ ካደን ይቆጠራል።

ሞርፊኑን ያስጻፈችልንም እርሷ ናት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሚጠጣ ሞርፊን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ከዱቄት የሚበጠበጥ፣ ውድ ያልሆነ መድኃኒት ነው። በየ4 ሰዓቱ በልክ ይወሰዳል፤ ሕመሙ ካልበረደ በሐኪም ትእዛዝ ጥቂት በጥቂት ከፍ ይላል። ሆድ ስለሚያደርቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያስመልስና ሊያስተኛም ይችላል። ይኸው ነው። እኛ ግን ማዘዣውን ይዘን መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ስንዞር «የለም» የሚለውን መልስ ለመድነው፤ አንደኛው ቤት ውስጥ ደግሞ ባለሙያው ማዘዣውን ወደ መብራት አንሥቶ ማኅተሙን ሲመረምር እትዬን ሳይሆን እኔን የታመመ አስመሰለኝ። መድኃኒቱ በጥብቅ ቁጥጥር የሚያዝ በመሆኑ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ቁጥጥሩ ግን መድኃኒቱን ከሌባ እንዲጠብቅ እንጂ ከበሽተኛ እንዲሸሽግ የወጣ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ተገኘ። ሲገኝ ደግሞ ከአዘዞ የመጣው ወንድማቸው «ይህ ነገር ሱስ ያስይዛል፤ ቶሎም ይገድላል ይላሉ» ብሎ ጠርሙሱን ከልጅቱ እጅ ወሰደው። በክፋት አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚፈራው ይህንኑ ነው። ነርሷ አስቀምጣ አስረዳችው፦ ለከባድ ሕመም በልክ የሚወሰድ ሞርፊን ሱሰኛ የሚያደርገው ከስንት አንዱን ነው፤ በትክክል ከተሰጠም ሞትን አያፋጥንም። እትዬ ከአልጋቸው ሆነው «ሱሱን እግዚአብሔር ፊት እኔው እመልስበታለሁ፤ አንተ ጠርሙሱን መልስ» አሉት።

ያን ሌሊት ተኙ። በማግስቱ ቡና አምጡልኝ አሉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ያደረጉትን ብዘረዝር ጋዜጣው አይበቃም። ከዚሁ ወንድማቸው ጋር በውርስ ቤት የተነሣ ዓመታት የቆየ ቅያሜ ነበራቸው፤ ሽማግሌ አስጠርተው ታረቁ። ኑዛዜያቸውን አስጻፉ። የንስሐ አባታቸው መጥተው የመጽሐፈ ቀንዲል ጸሎት አደረሱላቸው፤ ቆረቡ። የልጅ ልጃቸውን ሽሩባ ራሳቸው ሠሩት፤ ግማሹ ተንጋዶ ነበር፤ ልጅቷ ግን እስከ ፋሲካ አልፈታውም ብላ አስቸገረች። ሕመም ጥርስ ያስነክሰው የነበረ ሰው ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም ነበር። አባቶቻችን «ከሞቱ አሟሟቱ» የሚሉት ይህ አይደል?

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ። እትዬ ያረፉት ንጋት ላይ ነው። ጥሩምባው ተነፋ። የመጋዘኑን በር ከፈትን፤ ፀሐይ ከፍ ሳይል ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ብረት ድስቱ ተጥዶ ነበር። ሴቶቹ እንጀራውን በየቤቱ ተከፋፍለው ጋገሩ። እስከ ሠልስት ድረስ ያ ቤት አንድ ሰዓት እንኳ ባዶ አልሆነም። በእኛ አገር ይህን የሚያህል ሥርዓት ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚኮራበት ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ንብረት በተቆለፈበት መጋዘን ውስጥ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር የለም። ጀርባቸው እንዳይቆስል በአየር የሚነፋ ፍራሽ ለመዋስ ከተማውን ስናስስ አጥተን ተመልሰናል። ልጅቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ተኝታ እንድትነሣ እናቷ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው በወጉ የተመደበ አልነበረም፤ በለቅሶው ግን ሌሊት የሚያድር በተራ ተመድቦ ስሙን እኔው ጽፌዋለሁ።

ጠያቂማ ነበር፤ ጎንደር ጠያቂ አያጣም። ችግሩ አጠያየቃችን ነው። ሰብሰብ ብለን እንገባለን፤ ብርቱካንና ማር እንደረድራለን፤ በሽተኛው የማይበላውን። ወንበር ሲሞላ አልጋው ላይ እንቀመጣለን። ስለ ጤፍ ዋጋ እናወራለን፤ በዚሁ በሽታ ስለሞተ ሌላ ሰውም እንጨምራለን። አስታማሚዋ ቡና ታፈላለች፤ ስኒ ታጥባለች፤ ሌላው ጠያቂ ይተካል፤ እንደገና ታፈላለች። እትዬ አንድ ቀን «በሽታው ሳይሆን ጠያቂው ጨረሰኝ» ብለውኛል። ወንጌሉ «ታምሜ ጠየቃችሁኝ» ይላል እንጂ ታምሜ ቡና አስፈላችሁኝ አይልም።

ስለዚህ የእኔ አንቀጽ አብዛኛው ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም። ከአባላት መካከል ፈቃደኛ የሆኑ በተራ ተመድበው ቅዳሜ ከሰዓት አስታማሚውን ይተካሉ፤ ሌላው ልብስ ያጥባል፤ ሌላው መድኃኒት ለማምጣት ይሄዳል። ገንዘብ የሚጠይቀው ክፍል ትንሽ ነው፦ ከወርኃዊ መዋጮው ላይ ከእያንዳንዱ አባል 5 ብር ተነሥቶ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽ፣ ፖፖ፣ ጓንትና የአዋቂ ዳይፐር ይገዛበታል። ወንበሩና ፍራሹ ታጥበው ወደ መጋዘኑ ይመለሳሉ፤ ድንኳኑ ከሚቀመጥበት ጎን ቦታ አለ፤ ለክቼዋለሁ።

«ታማሚ ከበዛ እድሩ ይፈርሳል» የሚለው ሥጋት ተነሥቷል፤ የገንዘብ ያዣችን ነው፤ ሥራው መሥጋት ስለሆነ አልፈርድበትም። መልሴ፣ ለሕክምና ወጪ አንከፍልም፤ ያን የጤና መድኑ ይሥራው። እኛ የምንሰጠው ውሰትና ጉልበት ነው። ማን ይገባዋል የሚለውን ደግሞ የሐኪም ወረቀት ታይቶ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ባለችበት ይወሰን። በኤች አይ ቪ ዘመን በብዙ ከተሞች እድሮች አልጋ ላይ የወደቁትን ሲያስታምሙና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሲረዱ አይተናል። ያን ጊዜ እድር የፈረሰው በዚህ ምክንያት አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ለመረዳት ነርሷ የሰጠችኝን አንዳንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና፣ ባለሙያዎቹ ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት፣ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ካንሰር ብቻ አይደለም፤ የልብ ድካም፣ የኩላሊት መድከም፣ ኤች አይ ቪ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢም አለበት። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 አገሮች ይህን ሕክምና በመደበኛው የጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ወስኗል። የእኛም ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቷት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቿን ወደ በሽተኞች ቤት ትልካለች። መመሪያው አለ ማለት ነው፤ ምሳሌውም አለ። ሳሙና በር ግን ገና አልደረሰም።

ከጎረቤት ብንማርስ? ኡጋንዳ ውስጥ ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን አቋቋሙ። ዱቄት ሞርፊን በውኃ ተበጥብጦ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ ለበሽተኛው ቤቱ ይደርሳል። በገጠር ሐኪም ስለማይገኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን ማዘዝ እንዲችሉ ሕጉ ተሻሻለ። ከባለጸጋዎቹ አገሮች የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ ከእኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። በሕንድ የኬረላ ግዛት ደግሞ ሥራውን የያዙት የየመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ሠልጥነው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ወጪውን ከትንንሽ መዋጮ ይሸፍናሉ። የግዛቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ ያወጣው ሕዝቡ ከጀመረው በኋላ ነው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ትንንሽ መዋጮ፣ የመንደር ሰው፣ በተራ መመደብ፤ ይህን እኛ ለመማር ኬረላ መሄድ ያስፈልገናል?

ጎንደር ለዚህ ሥራ ሩቅ አይደለችም። በደምቢያ ብዙ ሰው ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሕክምና ወደ በሽተኛው ቤት ይሂድ የሚለው ሐሳብ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የተነሣውም ከዚያ ነው። ተማሪዎቹ ለልምምድ ሲወጡ ክትባትና የወሊድ ክትትል እንደሚያዩ ሁሉ፣ በየሰፈሩ አልጋ ላይ የዋሉትንም ቢጎበኙ ለእነርሱም ትምህርት፣ ለእኛም እርዳታ ይሆናል። ከሳንጃ፣ ከደባርቅ፣ ከአይከል ወደ ጎንደር ለሚላክ በሽተኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መንገድ ተዘግቶ በሚሰነብትባቸው ወራት ለአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ማን ይመጣል? የሚጠጣው ሞርፊን በወረዳ ጤና ጣቢያ መገኘት ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በሽታውን ከበሽተኛው መደበቅ። ሐኪሙ ውጤቱን ለልጁ ይነግራል፤ ልጁ «እናቴ እንዳትሰማ» ይላል፤ ዘመድ ሁሉ ይማማላል። ዓላማው ተስፋ እንዳይቆረጥ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን የሚደበቀው ሰው ቀድሞ ያውቃል። እትዬ «እናንተ ጓዳ ገብታችሁ ስትንሾካሾኩ እኔ ምን ልሰማ ኖሯል? የገብስ ዋጋ?» ብለው ገላግለውናል። ሁሉም ግን እንደ እርሳቸው አይደፍርም። ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ኑዛዜ አይናዘዝም፤ ያለበትን ዕዳ አይናገርም፤ ይቅር የሚለውን አያስጠራም። ሐኪሞቻችን ለቤተሰቡ ከመናገራቸው በፊት በሽተኛውን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለው ቢጠይቁ የብዙ ሰው ሸክም ይቀል ነበር። አላውቅም ማለትም መብቱ ነው፤ ግን ይጠየቅ።

ካህናትና የመስጊድ አባቶችም እንዲያግዙን እንለምናለን። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ የንስሐ አባት የማይገባበት ቤት የለም፤ አዲስ ዓለም ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ታማሚን መጠየቅን ከእኛ ባላነሰ ያከብሩታል። ጸበል የጀመረ ሰው ማስታገሻ መውሰድ ማቆም አለበት የሚለውን ነገር ከመድረክ ሊያርሙልን የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረው ብዙ ሰው ወደ ክኒኑ ተመልሷል። ለሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ቢባል ምን ይጎድላል?

ለከተማው ጤና መምሪያ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። በጎንደር ከተማ የሚጠጣ ሞርፊን የሚገኘው በየትኛው መድኃኒት ቤት ነው? እሑድና በዓል ቀንስ? ዝርዝሩ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ቢለጠፍ በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ከመንከራተት ይድናል። ለጋዜጣችሁም ጥያቄ አለኝ፦ ጥያቄውን ለመምሪያው አቅርባችሁ መልሱን ብታትሙልን።

የእኛ ጉባኤ የሚካሄደው በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። አንቀጹን በንጹሕ ጽፌ ለኮሚቴው አስገብቻለሁ። ሌላ ቦታ ይህን ደንብ ያጸደቀ እድር ካለ፣ ስንት መዋጮ እንደመደበና ውሰቱን እንዴት እንደሚቆጣጠር በጋዜጣችሁ በኩል ቢጽፍልን ገንዘብ ያዣችንን ለማሳመን ይረዳኛል። አዛውንቱን ለማሳመን ግን ሌላ ዘዴ አስቤያለሁ፤ ነርሷን ጉባኤው ላይ ጠርቻታለሁ።

የአንድ እድር ጸሐፊ
ከሳሙና በር፣ ጎንደር